ማይክሮባዮሎጂን የት ልማረው? ላብራቶሪ (ላብ)፣ ቤት፣ ማይክሮስኮፕ ወይስ ኮምፒውተር

ማይክሮባዮሎጂ፣ ማለትም በዓይን የማይታዩ ሕያዋንን ጥናት፣ ስጀምር ከትምህርቱ በላይ ያስቸገረኝ ምክሩ ነበር። አንዱ "ላብ ያልገባ ሰው ማይክሮባዮሎጂ ተማርኩ እንዳይል" ይላል። ሌላው ማይክሮስኮፕ ገዝቶ ቤት መሞከር ነው እንጂ ላብ ውስጥ ተራ ሲጠብቁ መዋል ምንም አይጠቅምም ባይ ነው። ሦስተኛው የኮምፒውተር ሲሙሌሽን ለሁሉም ይበቃል አለኝ። አራተኛው ደግሞ ቁጭ ብሎ መሸምደድ ነው፣ ፈተናው የሚጠይቀው ስም ነው አለ።

ሁሉንም ሞክሬያለሁ። አንዳንዱን በትክክል፣ አንዳንዱን ተሳስቼ። አሁን ሳየው አራቱም የሚሰጡት የተለያየ ነገር ነው። ላቡ እጄን አስተካክሎልኛል፣ ጊዜ ግን አልሰጠኝም። ቤቱ ጊዜ ሰጥቶኛል፣ ስሳሳት የሚነግረኝ ሰው ግን አልነበረም። ስለዚህ ገንዘባችሁንና ሰዓታችሁን የት ላይ እንደምታውሉ ከመወሰናችሁ በፊት የጎደላችሁ ምን እንደሆነ እወቁ። እኔ ይህን ያወቅኩት አንድ ሴሚስተር ሙሉ ከባከነ በኋላ ነው።

መጀመሪያ መለኪያዎቹ

ያለ መለኪያ ካወዳደርን "ሁሉም ጥሩ ነው" ላይ ነው የምንደርሰው። እኔ የምለካው በስድስት ነገር ነው።

እጅ አንዱ ነው። ሉፕ (ባክቴሪያ የሚነሳበት ጫፉ ቀለበት የሆነ ሽቦ) መያዝ፣ ነበልባል ላይ ማጋል፣ የፔትሪ ዲሽ (ባክቴሪያ የሚያድግበት ክብ ሳህን) ክዳን ከልክ በላይ ሳይከፍቱ መሥራት። ይህ እንደ ብስክሌት ነው፣ ተነቦ አይለመድም። ቀጥሎ ዓይን አለ፤ ስላይድ ላይ ያለው ነጥብ ባክቴሪያ ይሁን የቀለም ዝቃጭ መለየት ከብዙ ማየት የሚመጣ ነው። ስትሳሳቱ እዚያው የሚያርማችሁ ሰው መኖርና አለመኖሩም ራሱን የቻለ መለኪያ ነው። ወጪን ሁላችንም እናስባለን፣ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

የቀሩት ሁለቱ ብዙ ሰው የሚረሳቸው ናቸው። አንደኛው ጊዜ ነው። ባክቴሪያ የራሱ ሰዓት አለው። ኢ.ኮላይ የሚባለው የአንጀት ባክቴሪያ ምግቡና ሙቀቱ ሲመቸው በ20 ደቂቃ አካባቢ ለሁለት ይከፈላል፣ አጋር (ባክቴሪያ የሚያድግበት የረጋ ምግብ) ላይ በዓይን የሚታይ ኮሎኒ፣ ማለትም ከአንድ ሴል የተባዛ ክምር፣ ለመሥራት ግን አንድ ሌሊት ያህል ይፈልጋል፤ አንዳንዱ ዝርያ ሳምንታት ይፈጅበታል። የምትማሩበት ቦታ ይህን ሰዓት እንድትከታተሉ ይፈቅዳል ወይ? ያበላሻችሁትንስ ነገ መድገም ትችላላችሁ? ሁለተኛው ደህንነት ነው። እሱን ቤት ውስጥ ስለሚሠራው ሥራ ስናወራ ሰፋ አድርጌ እመጣበታለሁ፣ ምክንያቱም እዚያ ላይ ቀልድ የለም።

አማራጭ አንድ፦ የትምህርት ላብ

ላብ የሚሰጠውን ነገር ያወቅኩት በአንድ የተበላሸ ስላይድ ነው።

የግራም ስቴይን ቀን ነበር፤ ባክቴሪያን እንደ ግድግዳው ዓይነት ወይን ጠጅ (ግራም ፖዘቲቭ) ወይም ሮዝ (ግራም ኔጋቲቭ) አድርጎ የሚለይ ማቅለሚያ ነው። ሃንስ ክርስቲያን ግራም የሚባለው ዴንማርካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1884 ያሳተመው ዘዴ ነው፣ እስከ ዛሬ በየላቡ ይሠራበታል። ቅደም ተከተሉን በቃሌ ይዤ ነበር የገባሁት። ክሪስታል ቫዮሌት አንድ ደቂቃ፣ ማጠብ፣ አዮዲን አንድ ደቂቃ፣ ማጠብ፣ አልኮል፣ ማጠብ፣ ሳፍራኒን። የተሰጠን ስታፊሎኮከስ ኤፒደርሚዲስ ነው፣ ግራም ፖዘቲቭ፣ ወይን ጠጅ ቀለም ሆኖ መታየት ያለበት። የእኔ ሮዝ ሆነ። ሙሉ በሙሉ ሮዝ። ክብ ክቡ ቅርጽ አለ፣ እንደ ወይን ዘለላ መሰባሰቡም አለ፣ ቀለሙ ግን የግራም ኔጋቲቭ ነው።

ባክቴሪያው ተቀይሮብኛል ብዬ ነበር የጠራሁት አስተማሪውን። አየው። "አልኮሉ ስላይዱ ላይ ስንት ሰከንድ ቆየ?" አለኝ። አልቆጠርኩም። የታጠበው ውሃ ቀለም አልባ እስኪሆን ብዬ አፈሰስኩ፣ ከዚያም ለማረጋገጥ ጨመር አደረግኩ። ችግሩ ያ ጭማሪ ነበር። የግራም ፖዘቲቭ ግድግዳ በወፍራም ፔፕቲዶግላይካን የተሠራ ስለሆነ የክሪስታል ቫዮሌትና የአዮዲኑን ውህድ አጥብቆ ይይዛል፤ አልኮሉ ከልክ በላይ ከቆየ ግን እሱንም ያስለቅቀዋል። ከዚያ የሚመጣው ሳፍራኒን ባዶውን ይሞላና ሮዝ ይሆናል። ይህ ዓረፍተ ነገር መጽሐፌ ላይ ነበር፣ በሃይላይተርም አስምሬበታለሁ። የገባኝ ግን የራሴን ሮዝ ስላይድ ሳይ ነው።

በሚቀጥለው ጊዜ ባሲለስ ሰብቲሊስ ተሰጠን። አሁን በስልኬ ሰዓት እየቆጠርኩ ሠራሁ፣ ግን ግማሹ ወይን ጠጅ፣ ግማሹ ሮዝ ሆነ። ይሄኛው የእኔ ጥፋት አልነበረም። ካልቸሩ፣ ማለትም ያደገው ባክቴሪያ፣ ብዙ ቀን የቆየ ነበር፣ ያረጀ ሴል ደግሞ ግድግዳው እየላላ ቀለሙን መያዝ ያቅተዋል። ለዚህ ነው የግራም ስቴይን ትኩስ ካልቸር፣ ቢበዛ የ24 ሰዓት የሆነ፣ የሚፈልገው። አንድ ዓይነት የተሳሳተ ቀለም፣ ሁለት የተለያየ ምክንያት። ይህን ልዩነት ለብቻዬ ቤት ቁጭ ብዬ እደርስበት ነበር ብዬ አላስብም።

ሌላው ላብ ብቻ የሚሰጠው ስትሪክ ፕሌት ነው። አራት ክፍል ላይ ባክቴሪያውን እያሳሱ ሄዶ መጨረሻ ላይ ነጠላ ኮሎኒ ማግኘት። ሉፑ ቀይ እስኪሆን ይግላል፣ ከዚያ መቀዝቀዝ አለበት። ካልቀዘቀዘ አጋሩ ላይ ሲያርፍ "ጭስ" ይላል፣ ያነሳችሁትም ባክቴሪያ ይሞታል። ያን ድምፅ አንዴ የሰማ ሰው ሁለተኛ አይቸኩልም። ዘይት የሚፈልገውን የ100 እጥፍ ሌንስ መጠቀምም እዚያው ነው የሚለመደው። ዘይቱ ብርሃን የሚያጥፍበት መጠን ወደ 1.515 ስለሆነ ከመስታወት ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል፤ ብርሃኑ አየር ውስጥ ሳይበተን ሌንሱ ጋ ይደርሳል። ዘይቱን ካደረጋችሁ በኋላ ወደ 40 እጥፉ ሌንስ አትመለሱ። እሱ የተሠራው ያለ ዘይት ነው፣ ይቆሽሻል።

እና የላቡ ድክመት? ጊዜ ነው። ፕሌቱን ሠርታችሁ ኢንኩቤተር (ሙቀቱን ጠብቆ የሚያሳድግ ሳጥን) ውስጥ ታስገባላችሁ፣ ትሄዳላችሁ። በማግስቱ ሌላ ሰው አውጥቶ ፍሪጅ ያስገባዋል። በሳምንቱ ስትመጡ ያለቀ ነገር ነው የምታዩት። መቼ ብቅ አለ? ቀለሙ መቼ ተቀየረ? አታውቁም። በዚያ ላይ አምስት ሰው አንድ ማይክሮስኮፕ ከያዘ ሁልጊዜ እጁ ፈጣን የሆነው ይሠራል፣ ሌላው ሪፖርት ይጽፋል። እኔ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ሪፖርት ጸሐፊ ነበርኩ። ከዚያ በየክፍለ ጊዜው መጀመሪያ "ዛሬ ስትሪኩን እኔ ልሥራ" ማለት ጀመርኩ፤ ማንም አልተቃወመኝም። እናንተም በጊዜ ጠይቁ።

አማራጭ ሁለት፦ ቤት ውስጥ መሥራት

መጀመሪያ ክልከላው። ቤት ውስጥ ከጉሮሮ፣ ከአፍንጫ፣ ከቁስል፣ ከሽንት ቤት፣ ከበር እጀታ፣ ከስልክ ላይ ጠርጋችሁ አጋር ላይ አታሳድጉ። እንዲህ የሚሠሩ የሚሸጡ ኪቶች አሉ፣ ኢንተርኔት ላይም ደስ የሚሉ ቪዲዮዎች ሞልተዋል። ግን አስቡት። ስልካችሁ ላይ ያሉት ጥቂት ሴሎች ጥቂት ስለሆኑ ነው ሰውነታችሁ የሚችላቸው። አጋሩ ላይ እያንዳንዱ ሴል ሚሊዮኖች ያሉበት ኮሎኒ ይሆናል፣ ምን እንደሆነ ደግሞ አታውቁም። ላብ ውስጥ የሚሰጣችሁ ስሙ የታወቀና በጥንቃቄ የተመረጠ ነው፤ ሲያልቅ በ121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ በግፊት፣ ቢያንስ 15 ደቂቃ አውቶክሌቭ ይደረጋል፣ ማለትም በእንፋሎት ይገደላል። ቤት ውስጥ ይህ የለም። ኩሽናው የትንሽ ልጅ መመገቢያ ነው፣ የአረጋዊ ሰው መተላለፊያ ነው። ይህን አማራጭ ከውድድሩ ሙሉ በሙሉ አውጥቼዋለሁ።

የቀረው ግን ትንሽ አይደለም። ደግሞም ኩሽናና ማይክሮባዮሎጂ የቆየ ዝምድና አላቸው። ዛሬ በየላቡ ያለው አጋር ራሱ ከኩሽና ነው የመጣው። እ.ኤ.አ. በ1881 የጀርመናዊው የባክቴሪያ ተመራማሪ የሮበርት ኮክ ላብ ውስጥ ይሠራ የነበረው ዋልተር ሄሰ ባክቴሪያ የሚያሳድግበት ጄላቲን በሙቀት እየቀለጠ አስቸገረው። ባለቤቱ ፋኒ ሄሰ ጣፋጭ ስትሠራ የምትጠቀምበትን አጋር ሞክር አለችው። አጋር የሚቀልጠው ወደ 85 ዲግሪ ሲጠጋ ነው፣ ከረጋ በኋላ በሰውነት ሙቀት አይፈታም፣ አብዛኛው ባክቴሪያም አይበላውም። ስሟ በየመጽሐፉ አለመኖሩ ሁልጊዜ ይከነክነኛል።

ቤት ውስጥ በጣም የጠቀመኝ የዳቦ እርሾ ነው። ሳካሮማይሲስ ሰረቪሲየ። ሴሉ ከ5 እስከ 10 ማይክሮሜትር ስለሚደርስ በ400 እጥፍ (40 እጥፉ ሌንስ ከ10 እጥፉ የዓይን ሌንስ ጋር) ጥርት ብሎ ይታያል። አንድ ቁንጥር ደረቅ እርሾ ለብ ያለ የስኳር ውሃ ውስጥ ጨመርኩ። ግማሽ ሰዓት ጠበቅኩ። በሌላ ውሃ አቀጠንኩት፣ ካልቀጠነ ሴሉ ተደራርቦ ምንም አይለይም። አንድ ጠብታ ስላይድ ላይ፣ ከላይ ከቨር ስሊፕ (ስስ መሸፈኛ መስታወት)። ጠብታው እንዳይደርቅ የከቨር ስሊፑን ዳር ዳር በጥርስ እንጨት ቫዝሊን ቀባሁት። ከዚያ አንዲት ሴል መረጥኩ። ጎኗ ላይ የመርፌ ራስ የምታህል እብጠት ነበረች። በየ20 ደቂቃው እየሄድኩ አየሁ፣ ደብተሬ ላይም ሳልኩ። እብጠቷ አደገች። ከሁለት ሰዓት በኋላ እናትና ልጅ መጠናቸው ተቀራርቦ ነበር፣ ልጅቷም የራሷን እብጠት ልታወጣ የጀመረች ትመስል ነበር። ሌሊት ሆኗል፣ ቤቱ ተኝቷል፣ እኔ ከዚያች ሴል መለየት አቃተኝ። "ማቆጥቆጥ" የሚለው ቃል ከዚያ ወዲህ ለእኔ የመጽሐፍ ቃል አይደለም።

ይህን ላብ ውስጥ ማድረግ አልችልም ነበር። አንድ ሴል ሁለት ሰዓት ሙሉ እንድመለከት ማይክሮስኮፑን ማን ይተውልኛል?

በዚያው እርሾ ሙከራም ይሠራል። ሦስት ጠርሙስ፣ እኩል ስኳር፣ እኩል እርሾ፣ አንዱ በቀዝቃዛ ውሃ፣ አንዱ ለብ ባለ፣ አንዱ በፈላ። አፋቸው ላይ ፊኛ። ለብ ያለው ፊኛ ይነፋል፣ ቀዝቃዛው ያዘግማል፣ የፈላው ዝም ይላል። አራተኛ ጠርሙስ እርሾ የሌለበት ጨምሩ። ይህ ኮንትሮል ነው፣ እሱ ከሌለ ፊኛውን የነፋው እርሾው መሆኑን በምን ታውቃላችሁ? እኔ በመጀመሪያው ዙር ረስቼው እንደ አዲስ ደገምኩት። መድገም የሚቻል መሆኑ ነው የቤት ጥቅም። ጠርሙሱን ግን በቡሽ አጥብቃችሁ እንዳትዘጉት፣ ጋዙ ሊያፈነዳው ይችላል።

ሁለተኛው የምወደው የዊኖግራድስኪ አምድ ነው። ሰርጌይ ዊኖግራድስኪ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የጀመረው ነው። ጥርት ያለ ጠርሙስ ውስጥ የኩሬ ጭቃ፣ የተቀዳደደ ወረቀት ለካርበን፣ የእንቁላል አስኳል ለሰልፈር፣ ከላይ የኩሬው ውሃ። ክዳኑን ላላ አድርጎ ብርሃን የሚያገኝ መስኮት ጋ ማስቀመጥ። ከዚያ መጠበቅ ነው፣ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት። ከላይ አረንጓዴ ይሆናል፣ ኦክስጅን የሚያመርቱት ሳይኖባክቴሪያና አልጌ ናቸው። ዝቅ ሲል ቀይና ወይን ጠጅ ንጣፍ ይመጣል፣ ሰልፈር የሚጠቀሙ ባክቴሪያዎች ናቸው። ታች ኦክስጅን የማይደርስበት ቦታ ጥቁር ይሆናል። ኤሮቢክና አናኤሮቢክ (ኦክስጅን የሚጠቀሙና ያለ ኦክስጅን የሚኖሩ) የሚለውን ምዕራፍ ሦስቴ አንብቤ ያልገባኝ መስኮቴ ላይ ገባኝ።

እዚህ ላይ "ጭቃውስ ያልታወቀ ባክቴሪያ አይደለም እንዴ?" የሚል ሰው ይኖራል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ልዩነቱ እናንተ አንዱን ዝርያ ለይታችሁ አታበዙም፣ በሰውነት ሙቀት አታሞቁትም፣ ከሰው ገላም አልመጣም። ተዘግቶ ከውጭ ነው የሚታየው። ቢሆንም ጭቃውን በጓንት ንኩ፣ እጃችሁን ታጠቡ፣ በተዘጋ ክፍል አትክፈቱት። የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው።

እርጎም አለ፦ ላክቶባሲለስና ስትሬፕቶኮከስ ቴርሞፊለስ ወደ 43 ዲግሪ ላይ ወተቱን አሲዳማ አድርገው ያረጉታል፤ ሴሎቹን በደንብ ለማየት ግን የ1000 እጥፍ ማጉላት ያስፈልጋል። ደረቅ ሣር በኩሬ ውሃ ነክሮ ጥቂት ቀን ማስቀመጥም ቀላል ነው፣ የሚንቀሳቀሱ ፓራሚሲየሞች ታገኛላችሁ። ለሙከራ የተጠቀማችሁበትን ማንኛውንም ነገር አትብሉ፣ አትጠጡም። ስላይዶቹን አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጣችሁ 30 ደቂቃ ዘፍዝፉ። በረኪናውን ከኮምጣጤም ሆነ አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ፣ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው።

አማራጭ ሦስት፦ የራስ ማይክሮስኮፕ

ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ነው። ሳጥኑ ላይ "1200 እጥፍ" የሚል ቁጥር ያያል፣ ይገዛል፣ የሚያየው ግን ትልቅ ጭጋግ ነው። ማጉላት ብቻውን ምንም አይደለም። የብርሃን ማይክሮስኮፕ ለይቶ ማሳየት የሚችለው እስከ 0.2 ማይክሮሜትር ገደማ ነው፣ ከዚያ በታች ያለውን ስታጎሉት ትልቅ ብዥታ ታገኛላችሁ። አብዛኛው ቫይረስ ከዚህ በታች ስለሆነ "ቫይረስ ያሳያል" የሚል ሻጭ ካለ ጥላችሁ ሂዱ።

ስትመርጡ ሌንሱ ጎን ላይ የተጻፈውን ትንሹን ቁጥር ፈልጉ። 40 እጥፍ ሌንስ ላይ 0.65፣ 100 እጥፍ ላይ 1.25 የሚል ካለ ቁምነገር ያለው ዕቃ ነው። ሌንሱ ብርሃን የመሰብሰብ አቅሙን የሚናገር ቁጥር ነው፣ ኒውመሪካል አፐርቸር ይባላል። ከስር የብርሃኑን መጠን የሚያጠብና የሚያሰፋ ዲያፍራም ያለው ኮንደንሰር ይኑረው። ያልተቀለመ ሴል የሚታየው በዚያ ነው፤ ብርሃኑ ሲበዛ እርሾው ይጠፋል፣ ስታጠቡት ብቅ ይላል። ለትንሽና ለትልቅ ማስተካከያ የተለያየ ጎማ መኖሩንም አረጋግጡ። ያገለገለ የትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ ከአዲስ መጫወቻ ሁልጊዜ ይሻላል። እኔ ያለኝ እንዲያ ያለ ነው፣ ቀለሙ ተፋፍቋል፣ ሌንሱ ግን ንጹሕ ነው።

ኪሱ ለማይፈቅድ ደግሞ ከወረቀት የሚታጠፍ ማይክሮስኮፕ አለ። ማኑ ፕራካሽና ጂም ሲቡልስኪ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሠሩት ነው፣ ጥናታቸው እ.ኤ.አ. በ2014 ወጣ። ወደ 140 እጥፍ ያጎላል፣ እስከ 2 ማይክሮሜትር ገደማ ይለያል። ለፓራሚሲየም፣ ለሽንኩርት ልጣጭ፣ ለሻጋታ ክር ጥሩ ነው። እርሾ እንደ ነጥብ ይታያል። ባክቴሪያ ለማየት አትግዙት። ከኮምፒውተር ጋር በገመድ የሚገናኙት ትንንሽ ካሜራዎች ደግሞ የነፍሳት ክንፍና የጨርቅ ክር ያሳያሉ፣ ለዚህ ትምህርት አይሆኑም።

በነገራችን ላይ ሆላንዳዊው የጨርቅ ነጋዴ ሌቨንሁክ እ.ኤ.አ. በ1676 ባክቴሪያን ያየው በአንድ ትንሽ ሌንስ ብቻ ነው። ሌንሱን ግን ራሱ በጥንቃቄ ነው የሠራው። የዕቃው ጥራትና የተመልካቹ ትዕግሥት ከቁጥሩ ይበልጣል።

አማራጭ አራት፦ የኮምፒውተር ላብ

ለረጅም ጊዜ ንቄው ነበር። ተሳስቼ ነበር። ሲሙሌሽን እጅ አያሠለጥንም፣ አልኮሉን ስታበዙም ስላይዱ አይበላሽም። ግን ቅደም ተከተል ያስይዛል። ከሁለተኛው የግራም ስቴይን በፊት ማታ ላይ ሦስት ጊዜ ኮምፒውተር ላይ ሠራሁት፤ ጠዋት ላብ ስገባ ቀጥሎ የቱ ቀለም ነው ብዬ ማሰብ ስላላስፈለገኝ ሐሳቤ ሁሉ እጄ ላይና ሰዓቱ ላይ ሆነ።

ሌላው ጥቅሙ የጀማሪ ላብ የማይሰጣችሁን ማሳየቱ ነው። የሃዋርድ ሂዩዝ ሜዲካል ኢንስቲትዩት በነፃ የሚያቀርበው ባክቴሪያ የመለየት ቨርቹዋል ላብ አለ። ዲኤንኤ ማውጣት፣ በፒሲአር ማብዛት፣ ባክቴሪያን ለመለየት የሚያገለግለውን የ16ኤስ ጂን ቅደም ተከተል ከዳታቤዝ ጋር ማነጻጸር። ያን ሁሉ ቤት ውስጥ የሚያደርግ ማን አለ?

አማራጭ አምስት፦ መጽሐፍና ካርድ

ይህን በአጭሩ ልለፈው። ስሞቹ ብዙ ናቸው፣ መያዝ ግዴታ ነው። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሄርማን ኤቢንግሃውስ የመርሳትን ፍጥነት በራሱ ላይ ለክቶ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው፤ በአንድ ሌሊት የተሸመደደ ነገር ቶሎ ይጠፋል፣ በቀናት ልዩነት የተደገመ ግን ይቆያል። እኔ በካርዱ አንድ በኩል ስሙን፣ በሌላ በኩል ራሴ የሳልኩትን ቅርጽና ቀለም አደርጋለሁ። ስዕል የሌለው ካርድ ላይ ክሌብሲየላና ክሎስትሪዲየም ተቀላቅለውብኝ ያውቃሉ።

በአንድ ዕይታ

| አማራጭ | እጅ | ዓይን | ጊዜና ድግግሞሽ | የሚያርም ሰው | ደህንነት | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| የትምህርት ላብ | በጣም ጥሩ | በጣም ጥሩ | ደካማ | አለ | ሕጉ ከተጠበቀ ጥሩ | በትምህርቱ ክፍያ ውስጥ ነው |
| ቤት፦ እርሾ፣ አምድ፣ እርጎ | መካከለኛ | ማይክሮስኮፕ ካለ ጥሩ | በጣም ጥሩ | የለም | ከተጠነቀቁ ጥሩ | በጣም ትንሽ |
| ቤት፦ ከሰው ወይም ከዕቃ ላይ ማሳደግ | – | – | – | የለም | አደገኛ፣ አይሠራ | – |
| የወረቀት ማይክሮስኮፕ | ደካማ | ለትልልቆቹ ብቻ | በጣም ጥሩ | የለም | ጥሩ | ትንሽ |
| ደህና ማይክሮስኮፕ | ጥሩ | በጣም ጥሩ | በጣም ጥሩ | የለም | ጥሩ | ከሁሉም ከፍተኛው |
| የኮምፒውተር ላብ | የለም | መካከለኛ | በጣም ጥሩ | በከፊል | ምንም ስጋት የለውም | ነፃ ወይም ትንሽ |
| መጽሐፍና ካርድ | የለም | ስዕል ካለው መካከለኛ | በጣም ጥሩ | የለም | ምንም ስጋት የለውም | ትንሽ |

ለማን የቱ?

ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ መሥራት የምታስቡ ከሆነ ድርድር የለውም፣ ላብ ግቡ። የላብ ሰዓት ያነሰበትን ትምህርት ስሙ ትልቅ ስለሆነ ብቻ አትምረጡ። ከመመዝገባችሁ በፊት አንድ ማይክሮስኮፕ ለስንት ተማሪ እንደሚደርስና እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን ፕሌት ይሠራ እንደሆነ ጠይቁ። ከሁሉ የሚጠቅማችሁ ይህ ነው።

በርቀት የምትማሩና ላብ የማታገኙ ከሆነ የኮምፒውተር ላቡንና እርሾውን አጣምሩ። አንዱ ቅደም ተከተል ይሰጣችኋል፣ አንዱ እውነተኛ ሕያው ነገር። የሚጎድላችሁ የሚያርም ሰው ነው። ያያችሁትን በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ለአስተማሪ ወይም ለሚያውቅ ሰው ላኩ፣ "ምን ይታይሃል?" በሉት፣ የእናንተን መልስ ቀድማችሁ ሳትነግሩት።

ፈተና በወር ውስጥ ላለበት ካርድና ሲሙሌሽን ይበቃል። አሁን ማይክሮስኮፕ አትግዙ፣ ለፈተናው አይደርስላችሁም።

ምንም በጀት የሌለው ሰው በአምዱ ይጀምር። ጠርሙስ፣ ጭቃ፣ ወረቀት፣ እንቁላል፣ መስኮት። ማይክሮስኮፕ እንኳ አያስፈልገውም። ትንሽ ካላችሁ የወረቀቱን ማይክሮስኮፕ ጨምሩ። የማጠራቀም አቅም ያለው ግን መሀል ላይ ያለውን አይግዛ። ታግሶ እስከ 400 እጥፍ በጥራት የሚያሳይ ያገለገለ ዕቃ ይፈልግ። የ100 እጥፉን የዘይት ሌንስ በኋላ መጨመር የሚቻልበት ቢሆን ደግሞ ጥሩ ነው።

ለማወቅ ጉጉ ለሆኑ ታዳጊዎች እርሾውና ፊኛው፣ ከዚያ የኩሬ ውሃው። አጠገባቸው ትልቅ ሰው ይኑር፣ የፈላ ውሃው አለ።

ላብ ኖሯችሁም እንደ እኔ ጊዜ ያነሳችሁ ከሆናችሁ ግን ምንም መግዛት አያስፈልጋችሁም። ፕሌታችሁን ኢንኩቤተር ውስጥ ካስገባችሁ በኋላ የላብ ቴክኒሺያኑን "ነገ በ24 ሰዓቱ መጥቼ ልየው?" ብላችሁ ጠይቁ። እኔ በሦስተኛው ሳምንት ጠየቅኩ፣ ተፈቀደልኝ። ደብተሬን ይዤ ሄድኩ፤ አንዲቱ ኮሎኒ በ18ኛው ሰዓት የአሸዋ ቅንጣት የምታህል ነበረች፣ በ24ኛው ሰዓት ዳሯ ተለየ፣ በ48ኛው ሰዓት ቀለም አወጣች። ሦስቱንም ሳልኳቸው፣ ቀንና ሰዓት ጻፍኩባቸው።